የሰፌድ ሂሳብ፦ ቤት ውስጥ ስፌት እንዴት ይሰፋል? ለምንስ ይጣመማል?

የሰፌድና የመሶብ ስፌት ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሙያ ስለሆነ እጇ ለተባረከ ብቻ የተሰጠ ይመስላል። ጀማሪ ሦስት ምሽት ሰፍታ ሥራዋን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተውለብልቦ ታገኘዋለች፤ አለዚያም እንደ ጣባ ጎድጉዷል። "ለእኔ አልተሰጠኝም" ትልና ወስፌዋን ታስቀምጣለች። የተበላሸው ግን እጇ አይደለም። በስፌት ላይ ከሚደርሱት ጥፋቶች አብዛኞቹ ከሁለት ነገሮች የሚመጡ ናቸው፦ ከዙሩ ስሌትና ከውሃው መጠን። ሁለቱም በአንድ ምሽት የሚገቡ ናቸው።

ስፌት ሽመና ነው?

አይደለም። በሽመና ድርና ማግ አንዱ በሌላው ላይና ታች እየተሻገሩ ይያያዛሉ። ሰሌንም በዚያው መንገድ የተጎነጎነ ነው። ስፌት ግን አንድ ረጅም ገመድ መሰል ነገር እየዞረ ራሱ ላይ የሚሰፋበት ሥራ ነው። እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ከምጣዱ ዳር ተነሥቶ እየዞረ ወደ መሃል ይገባል፤ ሰፌድ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ከመሃል ተነሥቶ እየዞረ ወደ ዳር ይወጣል።

ሁለት አካል አለው። አንደኛው ውስጥ ገብቶ ውፍረት የሚሰጠው የሣር እሽግ ነው፤ እዚህ ለመግባባት እንዲመች ሙሌት እንበለው። ሁለተኛው ሙሌቱን የሚጠቀልለውና ከበፊቱ ዙር ጋር የሚያስረው መስፊያ ነው። በብዙ ቦታ ለሙሌት አክርማ፣ ለመስፊያ ደግሞ የተሰነጠቀ ስንደዶ ይውላል። ይህ ግን እንደ አገሩና እንደ ሰፊዋ ይለያያል። ቀለም የተነከረው አለላ ይባላል።

ሰፌድ፣ እንቅብ፣ ሌማት፣ ሙዳይ፣ መሶብ ሁሉም የሚሰፉት በዚሁ አንድ ዘዴ ነው። አገልግልም ቆዳው ሲገለጥ ውስጡ ያው ስፌት ነው። የሐረር ሴቶች በጌይ ጋር (በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት) ግድግዳ ላይ የሚደረድሯቸው ባለቀለም ስፌቶችም የዚሁ ዘመድ ናቸው። ስለዚህ አንዲት የብርጭቆ ማስቀመጫ በትክክል የሰፋ ሰው መሶብ ለመስፋት የሚጎድለው ጊዜና ትዕግሥት ነው፤ የሚማረው አዲስ ዘዴ ብዙ አይደለም።

ምን ምን ይዘጋጃል?

ወስፌ፣ መቀስ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ማስመሪያ። ከእነዚህ በላይ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም፦ 2 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ የተቆረጠ የጭማቂ መምጠጫ ስትሮ። ሙሌቱ በዚህ ቀለበት ውስጥ እያለፈ ሲሄድ ውፍረቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይሆናል። ቀለበቱ ሲላላ ሣር መጨመር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ሲጠብ ደግሞ በዝቷል። የለመደ እጅ ይህን በጣቱ ያውቃል፤ ጀማሪ ግን ይለካ።

ስንደዶ የሚለቀመው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ዘለላውን ይዞ ከሽፋኑ መምዘዝ ነው። ከተማ ውስጥ በእስር የሚሸጥ ከገበያ ይገዛል። ሲገዛ አንዱን ጣት ላይ ጠምጥሞ ማየት ነው። ደረቅ ሆኖ ቢሰበር ችግር የለውም፤ ውሃ ያስተካክለዋል። ለ10 ደቂቃ ከተነከረ በኋላም ከተሰበረ ግን አርጅቷል፤ መግዛት አያስፈልግም። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ደግሞ ሳይደርቅ ታስሮ የሻገተ ነው።

ስንደዶ በማይገኝበት አገር፣ አውሮፓም ይሁን አሜሪካ፣ ከዘምባባ ዘር ቅጠል የሚሠራው ራፊያ በእጅ ሥራ መሸጫዎች አለ። ለሙሌት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጥጥ ገመድ ይተካል። በዚህ ጊዜ ወስፌ ሳይሆን ጫፉ የደነዘ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ መርፌ ይበቃል። አገር ቤትም ከጆንያ የተፈታ የፕላስቲክ ክር በስንደዶ ፈንታ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። የፕላስቲኩ ጥቅም ውሃ አለመፍራቱና ቀለሙ አለመልቀቁ ነው፤ ጉዳቱ መንሸራተቱ ነው። ስንደዶ ሲደርቅ በቦታው ይቆነጠጣል፤ ፕላስቲክ ግን እያንዳንዱ ጥምጥም (መስፊያው ሙሌቱን አንድ ጊዜ የሚዞርበት) ጠበቅ ካላለ ቀስ እያለ ይላላል።

አንድ ሰፌድ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ይህን በግምት መመለስ አያስፈልግም፤ ይሰላል። ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የሙሌቱ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር፣ የእያንዳንዱ ጥምጥም ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሰፌዱ 25 ዙር ይኖረዋል። ተፈትቶ ቢዘረጋ ሙሌቱ ወደ 12 ሜትር ይረዝማል። በላዩ ላይ የሚያርፉት ጥምጥሞች 3,000 ያህል ናቸው። ጀማሪ በደቂቃ ሁለት ብትጠመጥም ወደ 25 ሰዓት፣ እጇ የፈጠነ ደግሞ በደቂቃ አምስት ብትጠመጥም 10 ሰዓት ይወስዳል። ይህ መልቀሙን፣ መሰንጠቁንና ማቅለሙን አይጨምርም።

መስፊያውም ይቆጠራል። አንድ ጥምጥም ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስለሚበላ ለዚያ ሰፌድ 75 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። የአንዱ ስንጥቅ ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጫፍና ጫፉ ለማያያዣ ስለሚቀር፣ ከ300 የማያንስ ስንጥቅ ማዘጋጀት ነው።

ስፌቱ ሲቀጥን ድካሙ እንዴት እንደሚንር ደግሞ እንይ። ሙሌቱን ከ6 ወደ 4፣ ጥምጥሙን ከ4 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ብናሳንሰው የጥምጥሙ ብዛት 6,000 ይጠጋል፤ እጥፍ ማለት ነው። ገበያ ላይ መጠናቸው እኩል ሆኖ ዋጋቸው የተራራቀ ሁለት ሰፌድ ያየ ሰው ከመከራከሩ በፊት በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ያሉትን ጥምጥሞች ይቁጠር።

ለመጀመሪያ ሥራ የሚመከረው እንግዲህ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብርጭቆ ማስቀመጫ ነው። 330 ጥምጥም፣ 35 ያህል ስንጥቅ፣ ለጀማሪ ከሦስት ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። በመሶብ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ መሶብ አይጨርስም።

እንዴት ይጀመራል?

ከባዱ መሃሉ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሣሩም መታጠፍ አይወድም።

ለመነሻ ሙሌቱ ሙሉ ውፍረቱን መያዝ የለበትም። ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉ ተወስዶ ጫፉ በመቀስ እንደ አይጥ ጭራ ይሾላል። ከጫፉ ጀምሮ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በመስፊያው ምንም ክፍተት ሳይተው ይጠቀለላል። ከዚያ የተጠቀለለው ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይታጠፍና መሃሉ በወስፌ ይበሳል፤ መስፊያውም በቀዳዳው ያልፋል። መሃል ላይ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ከቀረ መፍታትና እንደገና መጀመር ይሻላል፤ በኋላ የሚደፈን አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ድግግሞሽ ነው። መስፊያው ሙሌቱን ከላይ ይጠቀልላል፤ ወስፌ የበፊቱን ዙር አናት ይበሳል፤ ወስፌው ሲወጣ መስፊያው ቀዳዳው ሳይዘጋ ይገባል፤ ከጀርባ ይሳባል። ወስፌ ዓይን ስለሌለው መስፊያው ራሱ መግባት አለበት፤ ጫፉን በሰያፍ መቁረጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ወስፌው ከበፊቱ ዙር ሲሶ ያህሉን ይያዝ። ከላይ ለጥቂት ብቻ የተበሳ ሲሳብ ይቀደዳል፤ ወደ ታች ጠልቆ የተበሳ ደግሞ የበፊቱን ዙር መስፊያ ይሰነጥቃል።

መስፊያው ሲያልቅ ቋጠሮ አይደረግም። ያለቀው ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ከሙሌቱ ጋር ተኝቶ ይጠቀለላል፤ አዲሱም ጭራው እዚያው ሙሌት ውስጥ ተቀብሮ ይቀጥላል። ሙሌት ሲጨመርም ሁለት ሁለት ሣር ብቻ፣ ያውም ከእሽጉ መሃል ይገባል። አሥር ሣር በአንድ ቦታ ቢጨመር እዚያ ላይ እባብ እንቁራሪት የዋጠ የሚመስል እብጠት ይወጣል።

ለምን ይጣመማል?

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ረጋ ብሎ ማንበብ ይገባል።

ክብ ነገር ከመሃል ወደ ዳር በ1 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ዙሪያው በ6.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ክቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ ይህ አይለወጥም። ሙሌቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ አዲስ ዙር ከበፊቱ በ38 ሚሊ ሜትር ያህል መርዘም አለበት ማለት ነው፤ ሁለተኛውም ዙር ሃያኛውም። ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ትርፉ መሄጃ ስለሌለው ይወዛወዛል፤ የጎመን ቅጠሉ ይህ ነው። የሚያንስ ከሆነ ጠርዙ ጠብቦ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጣባው ይህ ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጎደጉደው ሙሌቱን እየጎተቱ ሲሰፉ ነው። የሚወዛወዘው ደግሞ ሙሌቱን እየገፉ ሲያስገቡት ነው። አጥብቆ መሳብ ያለበት መስፊያው ነው፤ ሙሌቱ በራሱ ፈቃድ ተኝቶ ይዙር። "አጥብቀሽ ስፊ" የሚለው ምክር ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው ሁለቱን ስለማይለይ ነው።

ሌላው ጥያቄ ጥምጥም የት የት ይጨመር የሚለው ነው። ዙሪያው ሲረዝም ጥምጥሙ ካልጨመረ ክፍተት ይፈጠርና ሙሌቱ ይታያል። ደንቡ ቀላል ነው፤ የሙሌቱ ውፍረትም ሆነ የጥምጥሙ ስፋት አይለውጠውም፦ ስንተኛው ዙር ላይ ከሆኑ በየዚያ ቁጥሩ አንድ ይጨመራል። አምስተኛው ዙር አልቆ ስድስተኛው ሲጀመር በየአምስት ጥምጥሙ አንድ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ይሰፋበታል። አሥረኛው ሲያልቅ በየአሥሩ፣ ሃያኛው ሲያልቅ በየሃያው። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ነው፤ መሃሉ ቶሎ የሚያሰለቸውም ለዚህ ነው።

ይህን የያዘ ሰው ሙዳይም ሌማትም ይቻለዋል። ጥምጥም መጨመሩ ሲቆምና አዲሱ ዙር ከበፊቱ ጎን ሳይሆን በአናቱ ላይ ሲቀመጥ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጭማሪው በግማሽ ቢሆን ዘመም ያለ ግድግዳ ይሆናል። ክዳንም በዚሁ ይሰላል፦ ክዳኑና አፉ መካከል ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከተፈለገ፣ የክዳኑ ውስጠኛ ዙሪያ ከአፉ ውጫዊ ዙሪያ በ19 ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት። "በዓይኔ ለክቻለሁ" ተብሎ የተሰፋ ክዳን አብዛኛውን ጊዜ የማይገጥመው ይህ ስለሚረሳ ነው።

በየሦስት ዙሩ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ማየት ይበጃል። ጠርዙ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ከሆነ ያለፈውን አንድ ሁለት ዙር መፍታት ነው። "በሚቀጥለው ዙር ላላ አድርጌ አስተካክለዋለሁ" የሚባለው አይሠራም፤ ያለፈው ዙር ተቆልፏል፤ የሚገኘው በመሃሉ ጎድጉዶ በጠርዙ የተወዛወዘ ሰፌድ ነው። ጥቂት ብቻ የተነሣ ከሆነ ግን ጨርሶ በእርጥብ ጨርቅ ካረጠቡ በኋላ ሌሊቱን ከባድ መጽሐፍ ጭኖ ማሳደር ይበቃዋል።

ውሃው ስንት ነው?

ሣር ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሟሽሻል። መስፊያውና ሙሌቱ እኩል ርሰው ከተሰፉ ሲደርቁ ሁለቱም ይቀጥናሉ፤ ትናንት ድንጋይ የመሰለው ስፌት በሦስተኛው ቀን በጣት ሲገፉት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ መስፊያው ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ይነከርና በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ሙሌቱ ግን በእርጥብ እጅ መታበስ ብቻ ይበቃዋል።

አንድ ምሽት የሚሰፋውን ብቻ መንከር ነው፤ 20 ወይም 30 ስንጥቅ። የተረፈው እርጥብ ሆኖ በፌስታል ካደረ ይጠቁራል፤ ይሸታልም። ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ነገ እንደገና ይነከራል። ያላለቀውም ሥራ ቢሆን ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል።

ቀለምና ጥለትስ?

የስፌት ቀለም ገበያ ላይ በዱቄት መልክ ይሸጣል። ስንደዶው ሳይሰነጠቅ ነው የሚቀለመው፤ የተሰነጠቀው ፈልቶ ይወሳሰባል። የፈላው ውሃ ስንደዶውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ዥንጉርጉር ይወጣል። ቀለም የተፈላበት ድስት ደግሞ ወደ ወጥ አይመለስም። ከወጣ በኋላ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይለቀለቃል፤ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ከዚያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት ማድረግ ነው። ጨርቁ ከቀለመ ቀለሙ እንጀራውንም ይነካል፤ እንደገና ይለቅለቅ፤ ካልሆነም ለግድግዳ ጌጥ ይዋል።

ጥለት ሲወጣ የማይሰፋው ቀለም ተቆርጦ አይጣልም፤ ሙሌቱ ውስጥ ተኝቶ ተራውን ይጠብቃል። ጀማሪን የሚያበሽቀው ግን ቀለበቱ ነው። በቀይ አንድ ዙር ሰፍቶ ወደ መነሻው ሲመለስ የቀዩ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም፤ አንድ ዙር ያህል ወደ ውጭ ርቆ ይቆማል። ስህተት አይደለም። ስፌት እየዞረ የሚወጣ መስመር ነው እንጂ የቀለበቶች ድርድር አይደለም። መፍትሔው ቀለም የሚቀየረው ሁልጊዜ ከመሃል ወደ ዳር በተሰመረ አንድ መስመር ላይ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ለዚህ ከመነሻው አጠገብ አንድ የክር ምልክት ማሰር ይበቃል። ያኔ ደረጃው ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ልጆች የቱ ላይ ይግቡ?

አንድን ሰፌድ ሁለት ሰው ተራ በተራ ቢሰፋው አጠባበቃቸው ስለሚለያይ የተቀያየሩበት ቦታ እንደ ጠባሳ ይታያል። ግራኝ ከሆነ ልጅ ጋርማ ጭራሽ አይሆንም፤ የእሱ ሥራ የሚዞረው በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ሥራውን የሚካፈለው በዙር ሳይሆን በዓይነት ነው፦ አንዱ ይሰነጥቃል፣ አንዱ ይነክራል፣ አንዱ ሙሌቱን በስትሮው ያሳልፋል፣ አንዷ ትሰፋለች።

የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ስንደዶ በርዝመትና በቀለም ይለያል፤ ጥምጥምም ይቆጥራል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ በገመድና በደነዘ መርፌ የራሱን ማስቀመጫ ይሰፋል። ወስፌ ግን ለአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ያውም ከመያዣው ጣት ወደ ውጭ እየበሳ፣ ጉልበት ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ። ሥራ ሲቆም የወስፌው ጫፍ ቡሽ ላይ ይሰካል። ስንደዶ በጥርስ የመሰንጠቅ የቆየ ልማድ አለ፤ የተቀለመውን ግን ማንም አፉ ውስጥ አያስገባ።

ለትንሽ ልጅ ከሁሉም የሚቀናው ማቶት ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ አውራ ጣት የሚያህል የሣር እሽግ ጫፍና ጫፉ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ተደራርቦ ቀለበት ይሆናል፤ ከዚያ በላዩ መጠቅለል ብቻ ነው። ጭማሪ የለው፣ ስሌት የለው። በዚያው ምሽት አልቆ ጀበና ይቀመጥበታል።

ከተሰፋ በኋላ እንዴት ይያዛል?

የመጨረሻው 6 ሳንቲ ሜትር ሙሌት እንደ መነሻው ይሾልና ከጠርዙ ጋር ይዋሐዳል፤ የመስፊያው ጭራ በአምስት ጥምጥም ሥር ተስቦ ይቆረጣል። አዲስ ስፌት እንጀራ ከመንካቱ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ነፋስ ላይ ይቆይ።

ትኩስ እንጀራ ወዲያው ሌማት ውስጥ ከገባ እንፋሎቱ ሣሩ ውስጥ ይቀራል፤ ሻጋታው የሚነሣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ በሰፌድ ላይ ይብረድ። ስፌት አይዘፈዘፍም፤ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይታበስና ተዘቅዝቆ ይደርቃል። ነጩ ስፌት ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ግድ የለውም፤ ባለቀለሙ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በመጀመሪያ የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ ሐምራዊው ነው።